ኮዱ እትዬ ዘነበች ጋ ነው

መርዶው የደረሰኝ በኳየሩ የቫይበር ግሩፕ ነው። ሥራ ቦታ ሻይ እረፍት ላይ ነበርኩ። «እህታችን ዘነበች ዛሬ ጠዋት ወደ ጌታ ተሰብስበዋል» ይላል። ከሥሩ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል፤ መሐል ላይ አንድ ሰው በጥድፊያ የላከው የአውራ ጣት ምልክትም አለ። ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና አፌን ያዝኩ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ «ምን ሆንሽ? ማን ነው?» አለችኝ። ማን ልበላት? አክስቴ እንዳልል አክስቴ አይደሉም። አስተማሪዬ እንዳልል አንድ ቀን ክፍል ገብተው አላስተማሩኝም። «ኢሜይል የከፈቱልኝ ሴትዮ ሞቱ» ብላት ደግሞ፣ ለዚህም ይለቀሳል እንዴ ትለኛለች። «እናቴ» አልኳትና እንባዬን ለቀቅኩት።

የክፍል ኃላፊያችን ወዲያው የሦስት ቀን ፈቃድ ሰጠችኝ። እትዬ ዘነበች ቢሰሙ ኖሮ ለውሸቱ ከመቆጣታቸው በፊት ምን እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። «ቅጹ ላይ ምን ብለሽ ሞላሽው?» ነበር የሚሉኝ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። እትዬ ዘነበች አጠር ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውንና የአንድ ቁምሳጥን ቁልፍ በአንድ ክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። አዲስ አበባ እያሉ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ሜልበርን ከመጡ ወዲህ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ ላውንደሪ ውስጥ በጠዋት ሺፍት አንሶላ ያጣጥፋሉ። ከመዝገብ ቤቱ የወጡት ግን በአካል ብቻ ነው። ቸርቻችን ሰንሻይን ዌስት የሚባል ሠፈር ውስጥ በሚከራየው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የኳየር ልምምድ ሲያልቅ፣ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ አንድ በመስመር የተሰመረ ትልቅ መዝገብ፣ አንድ የተቀረጸ እርሳስ። በወረቀት የኳየሩ ጸሐፊ ናቸው። በተግባር ግን ከእኛ ቸርች አንድም ሰው በእሳቸው መነጽር ሥር ሳያልፍ ኮሌጅ አመልክቶ አያውቅም።

እምነታቸው አንድ ነበር። የኮሌጅ ማመልከቻ የሚወድቀው ውስጡ ባለው ነገር አይደለም፤ ከላዩ ባለው ነው። «ሰውየው ገና ትራንስክሪፕትሽን ሳያይ ኢሜይልሽን ያያል። እኔ ነኝ የምነግርሽ፣ ከላዩ ያላማረኝን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ከሥር አድርጌዋለሁ፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ» ይሉ ነበር። ይቅር ይበለኝ ሲሉ ግን ብዙም የተጸጸቱ አይመስሉም።

እኔ ያኔ በባል ቪዛ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የዶሮ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ ስጠቀልል የምውል፣ ጣቶቼ ከብርዱ የተነሳ ማታ ቁልፍ የማይቆልፉልኝ ሰው ነበርኩ። ሕልሜ ነርሲንግ መማር ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴን፣ የእንግሊዝኛ ፈተናዬን፣ የሥራ ልምዴን በፕላስቲክ አቃፊ አሰናድቼ አንድ ቅዳሜ እትዬ ዘነበች ፊት ቁጭ አልኩ። አቃፊውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

«ኢሜይልሽ?»

ወረቀቱ ላይ ጽፌው ስለነበር በጣቴ አሳየኋቸው።

«አላነብም። ተነሽና ንገሪኝ።»

የመነጽራቸውን ቤት አንስተው እንደ ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ድምፃቸውን ቀጠን አድርገው «ሄሎ፣ የኮሌጁ ቢሮ ነው። ኢሜይል ማን ልበል?» አሉኝ።

ያንን ኢሜይል የከፈትኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከፈትኩት ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የሠፈራችን የኢንተርኔት ካፌ ባለቤት ነው የከፈተልኝ። ያኔ እንደዚያ ነበር። እሱ ተቀምጦ ይከፍትልሻል፣ ስሙንም እሱ ያወጣልሻል፣ ፓስዎርዱንም ለሁለታችሁ ይይዝልሻል። ለእኔ «ሶሲ ማሯ» የሚል አወጣልኝና ከኋላው ዜሮ ሰባት ጨመረበት። ዜሮ ሰባቱ የምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚወደው ተጫዋች ቁጥር ሳይሆን አይቀርም።

ቆምኩ። ከበሮ መቺው ዕቃውን እየሰበሰበ ነው፤ ፓስተሩ ወንበር ተሸክመው በአጠገባችን ያልፋሉ። «ሶሲ…» አልኩና ሳቄ መጣ። «ድገሚ» አሉ። «ሶሲ ማ…» አሁንም ሳቅኩ። ሦስተኛው ላይ ሳቁም ቀርቶ ፊቴ በእሳት ተያዘ። እትዬ ዘነበች ስልካቸውን ዘጉ፤ የመነጽሩን ቤት ማለቴ ነው። መዝገቡን ገለጡ፣ ስሜን ጻፉ፣ ከፊቱ በእርሳስ «ወድቃለች» ብለው አሰፈሩ።

«እስቲ አስቢው» አሉኝ። «ነርስ ሆነሻል እንበል። በሽተኛው እያጣጣረ ነው። ሐኪሙ ምን ሊል ነው? ማሯን ጥሩልኝ?»

ፈተናው ይኸው ነበር። ለማንም አይቀርም። አድራሻህን ቆመህ፣ ጮክ ብለህ፣ ሳትስቅና ሳታፍር ለኮሌጁ ቢሮ መናገር አለብህ። መዝሙር መሪያችን በረከት ለምሳሌ ሳቅ የሚባል አልነካውም፤ ደረቱን ነፍቶ «የእሳት ሰይፍ ጄኔራል» ብሎ አዳራሹን አናጋው። እትዬ ዘነበች ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ወንድሜ፣ አካውንቲንግ ነው የምትማረው ወይስ ልትዘምት ነው?» አሉት። ጋሽ ለማ ደግሞ ነበሩ፤ የአምስት ልጆች አባት፣ በስተርጅና አናጢነት በሰርተፍኬት ልማር ያሉ። አንድ ኢሜይል ነበራቸው፤ የሚስታቸው የደም ምርመራም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም፣ የመብራቱ ቢልም እዚያው ነው የሚገባው። ስሙ «የለማ ቤተሰብ በሙሉ» እንደማለት ነው።

«ጋሽ ለማ፣ ኮሌጁ ሰባታችሁንም ነው እንዴ የሚቀበለው?» አሏቸው።

«አንድ ቤት፣ አንድ ኢሜይል! ምን ችግር አለው?»

«ችግሩማ፣ የተቀበሉዎት ዕለት ደብዳቤውን የመጨረሻዋ ልጅዎ ከፍታ ታጠፋዋለች።»

እንዳሉትም ቀደም ሲል አንድ ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ኖሯል።

የእትዬ ዘነበች ሕግ አጭር ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ አለቀ። ቁጥር የለም፣ ቅጽል የለም፣ ንግሥት የለም፣ ጌታን ጨምሮ ማንንም በአድራሻ ላይ መጥራት የለም። «ጌታ በልብሽ ይሁን፤ ኮሌጁ ግን የሚፈልገው አንቺን ነው» ብለውኛል። የእኔ «ሶስና መኩሪያ» ተፈልጎ ተይዟል ተባለ። ሌላ ሶስና መኩሪያ የሆነ አገር ላይ ቀድማኛለች። ዜሮ አንድ እንጨምርበት ብል እንደ ስድብ ቆጠሩብኝ።

«አያትሽ ማን ይባላሉ?»

«ወልደየስ።»

«አያትሽ ይግቡ።»

አያቴ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። እንኳን ኢንተርኔት ስልክ በቅጡ ይዞ አያውቅም። ግን በዚያች ቅዳሜ ከሰዓት በእትዬ ዘነበች ሁለት ጣቶች ተለቅሞ ሜልበርን ገባ። ጮክ ብዬ ስናገረው ሳቄ አልመጣም። እንዲያውም ቀጥ ብዬ የቆምኩ መሰለኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው።

አድራሻውን ሲከፍቱ አንድ ቦታ ላይ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው አዙረው የሆነ ነገር ሞሉ። የመዝገብ ቤት አመል ነው ብዬ አለፍኩት፤ እዚያ ዶሴ ለባለጉዳይ አይታይም። ፓስዎርዱን ግን ራሴ እንድመርጥ ወንበራቸውን አዙረው ግድግዳ እያዩ ጠበቁኝ። ከዚያ «አልፋለች» ብለው መዘገቡኝ፤ ይህንንም በእርሳስ። እስክሪብቶ የሚነሳው ኮሌጁ ሲቀበል ብቻ ነው።

አመለከትኩ። ሁለት ወር ያህል ኢሜይሌን በቀን አሥር ጊዜ ከፍቼ አየሁ። ምንም የለም። ከዚያ አንድ ረቡዕ ስልኬ ፋብሪካው ውስጥ የዶሮ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገባ። ሐሙስ ርካሽ ስልክ ገዝቼ ሲሙን አዛወርኩ። ኢሜይሉን ቅዳሜ አስገባዋለሁ ብዬ ተውኩት። አርብ በምሳ ሰዓት የድምፅ መልእክት አገኘሁ። ከኮሌጁ ነው። የተረጋጋች ሴት ናት፤ የመቀበያ ደብዳቤሽን፣ ኦፈሩን፣ ረቡዕ ልከንልሻል፣ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ካልተቀበልሽው ቦታሽ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ይሄዳል፣ መልካም ቀን ይሁንልሽ ትላለች። መልካም ቀን!

መልሼ ደወልኩ። በስልክ እቀበላለሁ ብላት አይሆንም አለችኝ፤ ኢሜይሉ ላይ ያለውን መጫን አለብሽ። ወደ ሌላ አድራሻ ላኪልኝ ብላት ደግሞ አድራሻ መቀየር ሦስት የሥራ ቀን ይፈጃል። ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ ወጣሁ። ፉትስክሬይ ላይብረሪ እየሮጥኩ ገብቼ ኮምፒዩተር ላይ ተቀመጥኩ። አድራሻዬን ጻፍኩ፣ ፓስዎርዴን ጻፍኩ። ኮምፒዩተሩ አላወቀኝም። «ለማረጋገጥ ያህል ኮድ በስልክሽ ልከናል» አለኝ። ስልኬን አየሁት። ጭጭ። ስክሪኑን መልሼ ሳነበው ኮዱ የሄደበት ቁጥር መጨረሻው የእኔ አይደለም። አወቅኩት። የኳየሩ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ነው።

«ኧረ እኚህ ሴትዮ!» አልኩ። ላይብረሪ ውስጥ መሆኔን ረስቼ ነው፤ አጠገቤ ጋዜጣ የሚያነቡት ሽማግሌ ቀና አሉ።

ደወልኩ። ዝግ ነው። ለምን እንደተዘጋ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ላይ ናቸው፤ ዛሬ መጨረሻው ነው። በጾም ጸሎት ጊዜ ስልክ ሁሉ ተዘግቶ በቅርጫት ይሰበሰብና አዳራሹ ቁምሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ይህንን ሕግ ማን እንዳወጣው፣ ቁልፉንም ማን በአንገቱ እንደሚያንጠለጥል ገምቱ።

ከፉትስክሬይ ሰንሻይን በባቡር፣ ከሰንሻይን ደግሞ በአውቶቡስ። ያ አውቶቡስ በየፌርማታው ሲቆም እኔ በየፌርማታው ነርስነቴን ሳወርድ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አርባ ደቂቃ ሲቀረው አዳራሹ በር ላይ ደረስኩ። ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአንድ ላይ ጮክ ብለው ይጸልያሉ። እትዬ ዘነበች ፊት ለፊት ናቸው፤ እንዴት እንደምደርስባቸው ጨነቀኝ። ጫማዬን አውልቄ በጉልበቴ እየዳኽኩ በሰው መሐል አለፍኩና ትከሻቸውን ነካኋቸው።

አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«እትዬ፣ ኮድ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«በኢየሱስ ስም!» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ጨፈኑ። ለእኔ ይሁን ለጌታ አላወቅኩም። እንደገና ነካኋቸው። በዚህ መሐል ከጎናቸው ያለችው እህት አበባ ዞር ብላ አየችኝ። የፋብሪካ ልብስ ለብሻለሁ፣ የፀጉር መሸፈኛው መረብ ከራሴ አልወለቀም፣ ትንፋሼ ተቆርጧል፣ ዓይኔ እንባ ሞልቷል፣ ጫማ የለኝም። እንዲህ ሆኖ በሥራ ሰዓት የሚመጣ ሰው ለእኛ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው።

«ወይኔ! ማን ሞተ?» ብላ ጮኸች።

ጸሎቱ ቀጥ አለ። «እናቷ ናቸው!» አለ አንዱ ከኋላ። «አይ፣ አባቷ ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ስኳር ነበረባቸው» አለች ሌላዋ። ራሴን መሬት ላይ እንዳልጥል ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ብብቴን ያዙኝ። አንዱ ውሃ አምጡ ይላል። ፓስተሩ በሐዘን ድምፅ «እህቴ ሆይ፣ በርቺ» ብለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ። «ኮሌጁ ተቀብሎኛል! ኮዱ እሳቸው ጋ ነው! አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል!»

እትዬ ዘነበች ከዚህ በኋላ ምንም አልጠየቁም። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ወደ ቁምሳጥኑ ሄዱ። ፓስተሩ በትሕትና «እትዬ፣ ስልክ እስከ ማታ አይከፈትም ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ» አሏቸው።

«አውቃለሁ። ጌታም ያውቃል። ባለጉዳይ ቆማለች፣ ዞር በል ልጄ።»

ቅርጫቱን አወጡ፣ ስልካቸውን ከሌሎቹ መሐል ፈለጉ፣ ከፈቱት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ መጮህ ጀመረ። አንድ መልእክት፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ፤ የሦስት ቀን የተጠራቀመ መልእክት እየተከታተለ ገባ። ሁሉም ኮድ ነው። ሁላችንም ስልኩን አየነው፤ ከስልኩ ደግሞ እሳቸውን።

«እኔ ከትናንት ወዲያ አንድ ጠይቄ ነበር» አለ በረከት፣ ድንገት ትዝ ብሎት።

«እኔም!» አሉ ጋሽ ለማ።

የሁላችንም ቁልፍ እሳቸው ጋ መሆኑን እያንዳንዳችን ለየብቻ እናውቀው ነበር፤ ወይም እንደኔ ገና ልናውቀው ነበር። ሁሉም ግን የእሱ ብቻ ይመስለው ኖሯል። እትዬ ዘነበች አንገታቸውን ደፉ። እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም።

ላፕቶፑ ተከፈተ። አዲስ ኮድ ጠየቅን፤ መጣ። መነጽራቸውን አድርገው እንደ ቃለ ጉባኤ አንድ በአንድ አነበቡት፤ የጸሎት ሰዎቹም ከኋላዬ እያንዳንዱን ቁጥር በኅብረት ደገሙት። ገባሁ። ኦፈሩ እዚያው ቁጭ ብሏል። ከሥሩ «ተቀበል» የሚለው አረንጓዴ ሳጥን አለ። እጄን ስሰነዝር የእትዬ ዘነበች መዳፍ ከላይ መጥቶ ያዘኝ።

«አንብቢው።»

«እትዬ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው!»

«ይበቃል። ያላነበብሽውን አትፈርሚም።»

አራት ገጽ ነበር። ሁሉንም አስነበቡኝ፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ መቅረት። ሃያ ሰው ትንፋሹን ይዞ ስለ ዩኒፎርም አዳመጠ። እኔ እዚያው ላንቃቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው እጄን ለቀቁኝ፤ ተጫንኩት። እህት አበባ ለመርዶው ያዘጋጀችውን ጩኸት ወደ እልልታ ቀየረችው። ጾሙ ግን እስከ ማታ አልተፈታም፤ በባዶ ሆዳችን ነው የተደሰትነው። እትዬ ዘነበች መዝገቡን አምጥተው በእስክሪብቶ ጻፉኝ።

እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኙኝ። እዚያ ቆመን ሳለ ደስታዬ ትንሽ በረድ አለና ንዴቴ ተመለሰ።

«እትዬ፣ ለምንድነው የራስዎን ቁጥር ያስገቡት?»

«የእናንተ ቁጥር ይቀያየራል። ዛሬ ይሄ ሲም፣ ነገ ያ ሲም። መዝገብ ቤት ቁልፍ አንድ ሰው ጋ ነው የሚቀመጠው።»

«ሊያመልጠኝ ነበር እኮ! ዕድሜ ልኬን ዶሮ ስጠቀልል ልቀር ነበር!» ድምፄ ከፍ ብሏል፤ ለታላቅ ሰው እንደዚያ መናገር ነውር መሆኑን አላጣሁትም።

መንገዱን እያዩ፣ «እውነቱን ልንገርሽ?» አሉኝ። «መጀመሪያ ያስገባሁት ለጋሽ ለማ ነው። ስልካቸው ተበላሽቶ ነበር፤ እውነት ለዚያ ብዬ ነው። በሳምንቱ ኮድ ፈልገው ደወሉ። ስለ ጀርባቸው አወሩኝ፣ ስለ ልጆቹ፣ እኔም ስለ ጉልበቴ አወራኋቸው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ የኔን አስገባሁ። እዚህ አገር ሰው ያለ ጉዳይ አይደውልም፣ ሶስና። ሰውም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ሺፍት ነው። ኮድ ባይኖር ማን ይደውልልኛል?»

ፀጉሬ ላይ የቀረውን መረብ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።

«ሦስት ቀን ስጾም ይህንን አንድም ጊዜ ለጌታ አላነሳሁለትም» ብለው ቀጠሉ። «እንኪ፣ ስልኩን ያዢው። አሁኑኑ ቁጥርሽን አስገቢ።»

አውቶቡሱ መጣ። «ሰኞ እቀይረዋለሁ» አልኩና ስሜያቸው ገባሁ።

ያቺ ሰኞ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትመጣ ቀረች። በሚቀጥለው እሑድ እሳቸው ራሳቸው ጉባኤው ፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሁላችሁም ቁጥራችሁን ቀይሩ አሉ። ሁሉም እሺ አለ፤ የቀየረ ግን ብዙ አልነበረም። ስንፍና ነው በሉት። እኔ ለራሴ ስንፍና ነው ብዬ ነው የያዝኩት። ከዚያ በኋላ ግን ስልካቸው በጾምም አይዘጋም ተብሎ ሕጉ ተሻሻለ። ያሻሻሉትም እሳቸው ናቸው።

ከእሳቸው ኮድ መቀበልን ያልሞከረ ሰው ትዕግሥት ምን እንደሆነ አያውቅም። ኮዱ የሚያገለግለው አሥር ደቂቃ ነው። «እትዬ፣ መጥቶልዎታል?» «መጥቷል። ደህና ነሽ? ባልሽ ደህና ነው? ሺፍትሽ ዛሬ የማታ ነው የጠዋት? ይሄ ብርድ ለጉልበቴ አልሆነም። በልተሻል?» ምን እንደበላሁ ሳስረዳ፣ ያ ምግብ እንደማይጠቅመኝ ሲያስረዱኝ አሥሩ ደቂቃ ያልፋል። «አይ፣ ሞተ። ሌላ ጠይቂያ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» ይላሉ። ነርስ ሆኜ ስመረቅ፣ ሥራ ስገባ፣ ልጄን ስወልድ፣ ሁሉንም መጀመሪያ የሰሙት ኮድ ስጠይቅ ነው። በአውስትራሊያ ሌላው ጫፍ ስለምትኖረው ልጃቸው ስለ ቤተልሔም ስጠይቃቸው ግን መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ፐርዝ ናት። ሥራ ይበዛባታል፣ የኔ ልጅ።»

ቤተልሔምን ያየኋት ቀብሩ ላይ ነው። በአራት ዓመቷ እዚህ የመጣች፣ እናቷ በአማርኛ ሲያወሯት በእንግሊዝኛ የምትመልስ የነበረች፣ ረጅም፣ ደርባባ ሴት። በማግስቱ ልቅሶ ቤት ውስጥ የእናቷ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ስልካቸውን እንደ ታመመ ነገር ታቅፋዋለች። ፓስተሩ ከጸሎት በኋላ ተነስተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ የእትዬ ዘነበች መስመር በዚህ ሳምንት እንደሚዘጋ፣ ቁጥራቸውን ያስመዘገበ ሁሉ ዛሬውኑ እንዲቀይር ተናገሩ። ለመቀየር ደግሞ የመጨረሻ ኮድ ያስፈልጋል፤ ያም ወደዚያው ስልክ ነው የሚላከው።

ሰው ተሰለፈ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሰልፍ አላየሁም። ጥቁር የለበሰ ሁሉ በአንድ እጁ መሐረብ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ሶፋው ፊት ይቆማል። በረከት አካውንታንት ሆኗል፤ ከረባቱን ይዞ ያለቅሳል። ጋሽ ለማ በኋላ ለልጆቻቸው ሁሉ ለየብቻ ኢሜይል አስከፍተው ኖሮ፣ በአምስት ስልክ መጡ። ቤተልሔም ስልኩ በጮኸ ቁጥር በዚያ ባልተፈታ አንደበቷ ታነባለች፤ «ሦስት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ…» እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የማን እንደሆነ እነግራታለሁ። የራሴንም ያኔ ቀየርኩ።

አሥራ አምስተኛው ሰው ላይ ይሁን ሃያኛው አላስታውስም፣ ማንበቧን አቆመች። ዞር ብላ በእንግሊዝኛ ታወራኝ ጀመር።

«ስደውልላት ሁልጊዜ መስመሩ ተይዟል። መልሳ ስትደውል፣ ሰው ኮድ እየጠየቀኝ ነው፣ ሥራ በዝቶብኛል ትለኛለች። ብቸኝነቷን ልትደብቀኝ የምትዋሽ ይመስለኝ ነበር። እኔም መደወሉን በወር አንዴ አደረግኩት። ይሄ ሁሉ ሰው ይደውልላት ነበር?»

«አዎ» አልኳት። «ስለ ኮዱ ነበር የምንደውለው።»

ሰልፉን አየችው። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ «እኔ ኢሜይሌን ራሴ ነው የከፈትኩት» አለች።

ስልኩን ከእጇ ወሰድኩና «ቀጣዩ ማነው?» አልኩ።